ለእንግዳ የተነፋው ዛጎል

አንድ ጊዜ፣ ብርድ የሚባል ነገር በማያውቅ ባሕር መካከል፣ አሸዋዋ እንደ ዱቄት የነጣ፣ ዳርቻዋን የኮኮናት ዛፍ ያጠላበት አንዲት ደሴት ነበረች። በደሴቲቱ ኤሊዎች፣ ሸርጣኖችና ጦጣዎች ተከባብረው ይኖሩ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው እማማ ኤሊ ነበረች። እማማ ኤሊ ከእናቷ የወረሰችው፣ እናቷም ከአያቷ የተቀበለችው አንድ ትልቅ ዛጎል ነበራት። ሲነፋ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

ይህ ዛጎል ታዲያ እንዲሁ በዋዛ አይነፋም። በጥንት ዘመን ባሕሩ በድንገት ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ነዋሪው ሁሉ «ዓሣ እንልቀም» ብሎ ሲወርድ፣ ውሃው ተራራ አክሎ ተመለሰና ጠራርጎ ወሰደው። የተረፉት ጥቂቶች አልቅሰው ሥርዓት ሠሩ። «ባሕሩ ሲሸሽ ዛጎሉ ይነፋ። ዛጎሉ ሲነፋ የተኛ ይነሣ፣ የጎረሰ ይትፋ፣ ሁሉም ወደ ኮረብታው ይውጣ» አሉ። ከዚያ ውጭ ዛጎሉ የሚነፋው በዓመት አንድ ቀን፣ ለሞቱት መታሰቢያ ብቻ ነው። እማማ ኤሊ ግን አንድ ጭንቀት ነበረባት። ነፊዋ እሷ ናት፤ እግሯ ደግሞ ከባድ ነው። ያ ቀን ቢመጣ ከሁሉም ኋላ የምትቀረው እሷ ናት።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀበሮ በዓሣ ነባሪ ጀርባ ተጭኖ ደሴቲቱ ደረሰ። አሸዋውን አየ፤ ጥላውን አየ፤ ምራቁን ዋጠ። ብዙም ሳይቆይ በየብስ ላሉት አራዊት «ኑ፣ በባሕር ዳር ተዝናኑ!» የሚል አዋጅ አስነገረ። እንግዶቹም ፓፓያና ሐብሐብ ለነዋሪው እጅ መንሻ ይዘው ይጎርፉ ጀመር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንደሚባለው፣ አያ ጅቦም «አሸዋው ጎኔን ቆረቆረኝ» እያለ ቅጠል ያስነጥፍ ነበር። አህያም መጥታለች፤ ግን ጅብ ባለበት ምን ዕረፍት አለ? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ጆሮዋን አቁማ ትውላለች።

እንግዶቹ ሦስት ቀን ተጋድመው ሰለቻቸው። «አሸዋ እኛም አገር አለ። ባህል አሳየን እንጂ!» አሉት ቀበሮን። ቀበሮ ሮጦ ወደ እማማ ኤሊ ሄደ።

«እማማ፣ ያንን ዛጎል አንድ ጊዜ ቢነፉላቸው ምን አለበት? ጦጣዎቹ ወደ ኮረብታው ይሮጣሉ፣ እንግዶቹም አይተው ያጨበጭባሉ።»

«ተው ልጄ! እሱ እኮ የሞት ቀን ጥሪ ነው። አይቀለድበትም።»

«እማማ ደሞ! ያልታየ ባህል እኮ ይጠፋል። እኔ ለእናንተው አስቤ ነው። ይልቅ የዛሬው ፓፓያ እንዴት ያለ ለስላሳ መሰለዎት!»

እማማ ኤሊ ጥርስ የላትም፤ ለስላሳ ፓፓያ ደግሞ ስንቱን ሽማግሌ አሳስቷል! «በል እንግዲህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። አንዱ ጊዜ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይነፋ ጀመር። ቀበሮ «የሽሽት ጭፈራ» የሚል ስም አወጣለት። ጦጣዎቹ ኮረብታው ሩቅ ነው ብለው እስከ መጀመሪያው ዛፍ ብቻ ሮጠው፣ ተገለባብጠው ይመለሳሉ። ቀበሮ እማማ ኤሊን ሳይቀር «ድምፅዎን ያንቀጥቅጡትና ‹እውነት ነው! ሽሹ!› ይበሉ፤ እንግዳው ይወደዋል» ብሎ አስተማራት። እሷም ትላለች። ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሟቾቹን እያሰበች ታፍር ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አያ አንበሶ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እማማ ኤሊ እግሯን ልትነክር ወደ ባሕሩ ወረደች። ውሃው ግን የለም።

ቦታ የሳተች መሰላትና ዞር ብላ ዛፎቹን አየች። ቦታው ያው ነው። አሻግራ ስታይ የባሕሩ ወለል ተገልጦ፣ ዓሣው በጭቃ ላይ ይንፈራገጣል። አንዲት ወፍ እንኳ አትጮኽም። «የፈሩት ይደርሳል!» አለችና ዛጎሉን አንሥታ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋች።

ጦጣዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ሳቁ። እንግዶቹ ተጋድመው አጨበጨቡ። አያ ጅቦ ዓሣውን ሲያይ ለሃጩ ተዝረበረበ።

«ዛሬስ ባሕሩ ራሱ ምሳ አቀረበ!» አለና እየተንደረደረ ወደ ጭቃው ገባ።

ቀበሮ በንዴት እየበረረ መጣ። «አንቺ አሮጊት! አያ አንበሶ ሳይደርስ ማን ንፊ አለሽ?»

«ባሕሩን እየው! ሸሽቷል!»

«እሰየው! ለአያ አንበሶ ሰፊ መቀመጫ ይሆነዋል። በይ አሁን ዝም በይ!»

እማማ ኤሊ ፊቷን ወደ ጦጣዎቹ አዞረች። «ልጆቼ፣ እውነት ነው! ሽሹ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

«በየቀኑስ እንደዚሁ አይደል የሚሉት?» አለች አንዲት ትንሽ ጦጣ እየሳቀች። እማማ ኤሊ ከዚህ የተለየ ቃል ከየት ታምጣ?

አህያ ግን አልሳቀችም። ቀረብ ብላ የእማማን እግር አየች።

«እማማ፣ እግርዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ሩጪ ልጄ፣ እኔን ተዪኝ።»

«እኔ ጅብ ሳይ ልክ እንደዚህ ነው የምሆነው። ፍርሃትን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ጭፈራ አይደለም።» ይህን ብላ ተንበረከከች። «ጀርባዬ ላይ ይውጡ። ስንት ጆንያ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁ እርስዎ ይከብዱኛል?»

አህያ እማማ ኤሊን አዝላ፣ አናፍታ እየጮኸች ወደ ኮረብታው ተፈተለከች። ከኋላዋ ጭቃው ውስጥ ያለውን አያ ጅቦን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም። ይህን ጊዜ የጦጣዎቹ ሳቅ ቆመ። አህያ ከጅብ ሌላ የምትፈራው ነገር አለ እንዴ? ዞረው ወደ ባሕሩ ተመለከቱ። ከሰማዩ ሥር አንድ ነጭ መስመር ይመጣል። እያጓራ ይመጣል።

ያን ጊዜ ሁሉም ሮጠ። ሸርጣኑም፣ እንግዳውም፣ ጦጣውም እየተረጋገጠ ወደ ላይ ወጣ። አያ ጅቦ አፉን ዓሣ ሞልቶ፣ አልተፋም ብሎ ሲታገል ማዕበሉ ደረሰበት። ቀበሮም የኮኮናት ግንድ አቅፎ ከውሃው ጋር ሄደ። አያ አንበሶን የጫነው ዓሣ ነባሪ ግን ነገሩ ስለገባው ገና ከጥልቁ ባሕር ሳይወጣ ተመልሶ ነበር።

ውሃው ሲሸሽ የነጩ አሸዋ ቦታ እንኳ አልታወቅ አለ። አያ ጅቦ የለም። ያቺ ትንሽ ጦጣም የለችም። እናቷ ከኮረብታው ጫፍ ቆማ ስሟን ትጣራለች።

ቀበሮ ግንዱ አትርፎት፣ ረጥቦ እየተንቀጠቀጠ ወደ እማማ ኤሊ ተሳበ። «እማማ፣ ይማሩኝ። እኔ እኮ ጨዋታ መስሎኝ ነው።»

እማማ ኤሊ ልጇን ወደምትጣራው እናት ተመለከተች።

«አንተማ እንግዳ ነህ፤ ባታውቅ አይፈረድብህም» አለች። «የማውቀው እኔ ነበርኩ። እያወቅሁ ሸጥኩት።»

የጦጣዪቱ እናት ዞር ብላ አላየቻቸውም። ልጇን መጣራቷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ነፍስ እንዲያድን የተሠራን ሥርዓት ለእንግዳ መሳቂያ የሚያደርግ ሁሉ የጭንቅ ቀን ቢጮኽ የሚያምነው እንደማያገኝ ነው።