የጋሽ ሱሩር በረንዳ

አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ መንገድ ነበር። ከተማው ከመስፋቱ በፊት ሕዝቡ የሚገበያየውም፣ የሚታረቀውም፣ የሚጣላውም እዚያ ነበር። ግራና ቀኙን የእንጨት ሰገነት ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ይዘውታል፤ በየቤቱ ፊት ደግሞ ሰፊ በረንዳ አለ። ኋላ መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር ገበያው ተከተለው፣ ባንኩ ገበያውን ተከተለ፣ ሰውም ባንኩን ተከተለ። አሮጌው መንገድ በየበረንዳው ለተቀመጡ ጥቂት ልብስ ሰፊዎችና ለድመቶች ቀረ።

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። “በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ተመልሶ ካልተገለገለበት፣ ይህ መንገድ ፈርሶ ዘመናዊ ሕንፃ ይሠራበታል” ይላል። ማስታወቂያውን ካነበቡት ሰዎች አንዷ የውብዳር የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። የተወለደችው ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ፎቅ ላይ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው እናቷም አሁን ድረስ እዚያው ይኖራሉ። ልቀቁ ያላቸውን ሁሉ “ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው” ይሉታል። የውብዳር እናቷን ታውቃቸዋለች፤ ቤቱ ከፈረሰ እሳቸውም ብዙ አይቆዩም።

ስለዚህ አናጺውን፣ ግንበኛውን፣ ፋርማሲስቱን ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩ ደመወዝ የለው፣ ትርፍ የለው፤ ያለው ቁጭት ብቻ ነው። በቁጭት ግን ብዙ ሥራ ይሠራል። ጣሪያውን ጠገኑ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ የተሰበረውን ሰገነት አቀኑ፣ አበባ ተከሉ። ሁሉም ነገር ሲያምር በረንዳው ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ዓይን ውስጥ ገቡ። ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይበትናሉ፣ አሮጌ ኮት በሚስማር ይሰቅላሉ፣ ደንበኞቻቸው ተዘርግተው ይቀመጣሉ። ማኅበሩ መከረና ወሰነ። የውብዳር በዚያ ባማረ የመምህር እጅ ጽሑፏ “በረንዳ ላይ መቀመጥም ሆነ መሥራት ክልክል ነው” ብላ ጽፋ በየምሰሶው ላይ አንጠለጠለች። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይሄኔ ነው።

ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ተሸክመው ወደ አዲሱ ገበያ ሄዱ። የቀሩት ጋሽ ሱሩር የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከአንድ ሱቅ ጓዳ ገብተው በአምፖል መስፋት ጀመሩ።

መንገዱ አለቀ፣ ተመረቀ። ሰዉ መጣ፣ “እንዴት ያምራል!” አለ፣ ሄደ። በማግስቱም ሌላው መጥቶ አደነቀና ሄደ። ሱቆቹን የተከራዩት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲያባርሩ ይውላሉ። ማኅበሩ ሰው ይሰበሰባል ብሎ የድምፅ ማጉያ ተከራይቶ ሦስት ቀን ሙሉ ዘፈን አስዘፈነ። ድመቶቹም ሄዱ።

አናጺው በስብሰባ ላይ ተናደደ። “ይህ ሕዝብ አልጋ ሲሉት አመድ ነው! ከዚህ በላይ ምን እናድርግለት?” አለ። የተሰጣቸው ጊዜ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል። በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከንቲባው ራሳቸው መጥተው አይተው ይወስናሉ ተብሏል።

እናቷ ይህን ሲሰሙ የክት ቀሚሳቸውን ከሣጥን አወጡ። ጠርዙ ተተርትሯል። “ውሰጂና አሰፊልኝ” አሏት። “ሊያስወጣኝም ይምጣ፣ ለብሼ ነው የምቀበለው።” የውብዳር ቀሚሱን ይዛ ወደ ጋሽ ሱሩር ጓዳ ገባች።

ጋሽ ሱሩር ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከሩ፤ አልገባም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ መርፌውን አስቀመጡና “ልጄ፣ ዓይኔ ከአምፖል ጋር አልተስማማም። ፀሐይ ወዳለበት አንድ ጊዜ ብቅ ልበል?” አሏት።

የውብዳር በበሩ በኩል የራሷን ጽሑፍ አየችው። “እሺ ጋሽ ሱሩር፣ ለዛሬ ብቻ” አለች።

መኪናውን ለሁለት ተሸክመው በረንዳው ላይ አወጡት። ጋሽ ሱሩር መርገጫውን መርገጥ ጀመሩ። የመኪናው ድምፅ ገና ጥቂት እንደተሰማ በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ እህል ነጋዴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“አንተ ሱሩር! አለህ እንዴ?”

“የት ልሄድ ኖሯል?”

“እኛማ አልቅሰን ጨርሰናል! በረንዳው ላይ ስናጣህ፣ ቆሻሻውን ሲጠርጉ አንተንም አብረው የጠረጉህ መስሎን ነበር።” ይህን እያለ ኮቱን አወለቀ። “በል እንግዲህ የኮቴን ክርን ስፋልኝ፤ ተቀዶ ስንት ወሩ።”

በዚያ ከተማ አንድ ልማድ አለ። ደህና ኮት ያለው ሰው ኮቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ ጥሎት አይሄድም። ሰፊው ኮቱን በሚስማር ሰቅሎ ለባለቤቱ ጋቢ ያውሰዋል፤ ባለቤቱም ወረፋው እስኪደርስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እህል ነጋዴው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሻይ አማረው፤ ከጎን ያለችው ሻይ ቤት ከተከፈተች የመጀመሪያውን ደንበኛ አገኘች። አንድ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ጠራው፤ እሱም ተቀመጠ። ሁለተኛ ኮት ተሰቀለ። ሁለቱ ሲሳሳቁ የሰማ ሦስተኛ ሰው የሱሪውን ቀዳዳ አስታወሰ። እስኪሰፋለት ለሚስቱ ስኳር ገዛ፣ ለልጁ ደብተር ገዛ። ዝንብ ሲያባርር የነበረው ባለሱቅ ዝንቡን ረሳው።

የውብዳር የተሰፋውን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከምሰሶው ሥር ቆማ ይህን ሁሉ አየች። አየችና አፈረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳመሩት ሰው እንዲያልፍበት ነበር። ሰው እንዲቆይበት ያደርጉ የነበሩትን ሰዎች ያባረረችው ደግሞ ራሷ ናት። ያንኑ ቀን ጽሑፎቹን ከየምሰሶው አንድ በአንድ አወረደች። ከዚያ ወደ አዲሱ ገበያ ሄዳ ልብስ ሰፊዎቹን “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እባካችሁ ተመለሱ” አለቻቸው። አንዳንዶቹ ሳቁባት። ሦስቱ ግን መኪናቸውን ተሸክመው መጡ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከንቲባው ከመሐንዲሱ ጋር መጡ። መንገዱ እንዲፈርስ የሚያዘው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። የውብዳር ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። አራት በረንዳ በስምንት ቀን ምን ያህል ሰው ይሰበስባል?

በጋሽ ሱሩር በረንዳ በኩል ሲያልፉ ሽማግሌው ቀና አሉ። ዓይናቸው የሰው ፊት አይለይም፣ የላላ ቁልፍ ግን ከሩቅ ይለያል።

“አንተ ልጅ!” አሉ ከንቲባውን። “ቁልፍህ ሊወድቅ ነው። ና፣ አውልቅና ቁጭ በል።”

መሐንዲሱ ደነገጠ። ከንቲባው ግን ቁልፋቸውን ቢያዩት እውነትም በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ሳቅ አሉና ኮታቸውን አወለቁ። ጋሽ ሱሩር ኪሱን ዳሰሱና ደብዳቤውን አውጥተው ሰጧቸው። ጋቢም ሰጧቸው።

“ብዙ ይቆያል?” አሉ ከንቲባው።

“ቁልፉስ አይቆይም። የሚያቆይህ ወረፋው ነው፤ ከፊትህ አራት ሰው አለ።”

ከንቲባው ጋቢ ተከናንበው፣ ደብዳቤያቸውን ጨብጠው በእህል ነጋዴውና በአንድ መካኒክ መሀል ተቀመጡ። ይኼኔ የክት ቀሚሳቸውን የለበሱት የመምህርቷ እናት ከሰገነቱ ብቅ አሉ።

“የውብዳር! ያ ጋቢ የለበሰው እንግዳ ማነው?”

“ከንቲባው ናቸው፣ እማዬ።”

“ታዲያ ዝም ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ? ሻይ ይምጣለት እንጂ!”

በረንዳው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከንቲባውም ሳቁ። ሻይ መጣ። ወረፋቸው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። የእህል ዋጋ ሰሙ፣ ስለ ውኃው መጥፋት ተወቀሱ፣ አንድ ሰርግም ተጠሩ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች መጥተው ወረፋ ያዙ።

ኮታቸውን ሲቀበሉ ደብዳቤውን አንዴ ገለጥ አድርገው አዩት። “እዚህ ላይ ‘ሰው የማይገለገልበት መንገድ’ ይላል” አሉ ለመሐንዲሱ። “ወረፋ ያለበትን መንገድ እንዲህ ብዬ ልፈርም?” ወረቀቱን ለጋሽ ሱሩር ሰጧቸው። “ይጠቅምዎት ይሆን?”

ጋሽ ሱሩር በጣታቸው ደባበሱት። “ጠንካራ ወረቀት ነው። የኪስ ልክ አወጣበታለሁ” አሉ፤ እዚያው በመቀስ ቆረጡት።

የውብዳር እፎይ አለች። መቀመጥ ክልክል ነው ብላ ጽፋበት በነበረው በረንዳ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እናቷም ከላይ ሆነው “እሰይ፣ ተቀመጭ!” አሏት።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ኖራው አይደለም፤ ሰው የሚቆይበት ምክንያት ነው። ቤታችንን፣ መሥሪያ ቤታችንን፣ አንዳንዴም ራሳችንን ስናሳምር አቧራ መስሎን የምንጠርገው ሰው አለ። ሰው ሁሉ አድንቆን አልፎ ሲሄድ ደግሞ ሰውን እንወቅሳለን። ጥፋቱን አይቶ በጊዜ “ተመለሱ” ያለ ግን አይከስርም። እስቲ ወጣ በልና የራስህን በረንዳ እየው፤ ክልክል ነው ብለህ የጻፍክበት ማን ይቀመጥበት ነበር?