በወይራ የታጠነው የጥጋቡ ጎድን

ሆድ ያለው ይስማ፣ የጠገበ ጋደም ይበል፤ ተረቴን ጀመርኩ።

ጥጋቡ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በፋሲካ ቅርጫ የደረሰውን ሽንጥ በጎድን ለወጠ፤ ጎረቤቶቹም ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ብለው ተሰናበቱት። በማግስቱ አሮጌ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ምድጃ፣ ግማሹን ክዳን አደረገ። ከሰሉን በአንድ በኩል አቀጣጠለ፣ ወይራ ጨመረበት፣ ጎድኑን በሌላ በኩል ደረደረ። የፈለገው ወይራ ወይራ የሚል፣ ከአጥንቱ የሚላቀቅ አንድ ጎድን ብቻ ነው።

ሚስቱ ስንዱ ቢላዋ ይዛ ወጣች። "በወይራ የሚታጠነው ጋን ነው" አለችው። "እህቶቼ ለራት ይመጣሉ። እስከ ቀትር ይሄ በርሜል ጭስ ካልያዘ ቆራርጬ ቀይ ወጥ ነው የማደርገው።"

ጥጋቡ ደነገጠ። "ጎድን ሆይ፣ ብሰል" አለ።

"ጭስ ካላጠነኝ አልበስልም" አለ ጎድን።

"ጭስ ሆይ፣ ጎድንን እጠን፤ ጎድን አልበስልም አለ፣ ጥጋቡም ርቦታል።"

"ክዳን ካልገጠመ አልቀመጥም" አለ ጭስ። "ሰማይ እያለ ማን በርሜል ውስጥ ይቀመጣል?"

"ክዳን ሆይ፣ ግጠም፤ ጭስ አልቀመጥም አለ፣ ጎድን አልበስልም አለ፣ ጥጋቡም ርቦታል።"

"ድንጋይ ካልተጫነኝ አልገጥምም" አለ ክዳን። "ያጣመምከኝ አንተው ነህ።"

ግቢው ሲሚንቶ ነው። ያለው አንድ ድንጋይ መቀርቀሪያው የተሰበረውን የቆርቆሮ በር ደግፎ ይዟል።

"ድንጋይ ሆይ፣ ተነስ፤ ክዳን አልገጥምም አለ፣ ጭስ አልቀመጥም አለ፣ ጎድን አልበስልም አለ፣ ጥጋቡም ርቦታል።"

"በር ብቻውን ካልቆመ አልነሳም" አለ ድንጋይ።

"በር ሆይ፣ ብቻህን ቁም፤ ድንጋይ አልነሳም አለ፣ ክዳን አልገጥምም አለ፣ ጭስ አልቀመጥም አለ፣ ጎድን አልበስልም አለ፣ ጥጋቡም ርቦታል።"

"ውሻ ከውጭ እየገፋኝ? ውሻ ካልሄደ ብቻዬን አልቆምም" አለ በር።

ጥጋቡ በቆርቆሮው በር ቀዳዳ አጎንብሶ አየ። የሰፈሩ ውሻ ሽታው ስቦት በሩን በግንባሩ ይገፋል።

"ውሻ ሆይ፣ ሂድ፤ በር አልቆምም አለ፣ ድንጋይ አልነሳም አለ፣ ክዳን አልገጥምም አለ፣ ጭስ አልቀመጥም አለ፣ ጎድን አልበስልም አለ፣ ጥጋቡም ርቦታል።"

"ጎድን ካልቀመስኩ አልሄድም" አለ ውሻ።

"ገና ጥሬ ነው እኮ።"

"እኔ ምን ቸገረኝ? ማጠን የፈለግከው አንተ ነህ።"

ስንዱ ቢላዋዋን መሳል ጀመረች። ጥጋቡ ሙሉውን ጾም ያሰበው ጎድን ሽንኩርት ውስጥ ሲገባ ታየው። ከሁሉ ትንሹን መርጦ በበሩ ሥር አሾለከ። ውሻው አሸተተው፣ ጥጋቡን በትዝብት አየው፣ መግፋቱንም ቀጠለ። በፋሲካ ውሻም ያማርጣል። ጥጋቡ ከስንዱ ተደብቆ ለራሱ ያስቀመጠውን፣ ጮማ የለበሰውን ትልቁን ጎድን አነሳ። ሳመው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ በበሩ ሥር ገፋው።

ውሻ ሁለቱንም ይዞ ሄደ፣ በር ብቻውን ቆመ፣ ድንጋይ ተነሳ፣ ክዳን ገጠመ፣ ጭስ ተቀመጠ፣ ጎድንም ቀስ እያለ በሰለ። ቀትር ሲሆን ስንዱ መጥታ በርሜሉን ዞረችው፤ የሚወጣ ጭስ ስታጣ ቢላዋዋን ይዛ ተመለሰች።

ማታ እህትማማቾቹ ገበታውን ከበቡ። መጀመሪያ በታጠነው ጎድን ሳቁ፣ ከዚያ የሚጋጥ አጥንት ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። ጥጋቡ እንግዳ ይቅደም ብሎ እጁን ሰብስቦ ሲያይ፣ ትሪው ላይ አንድ ጎድን ብቻ ቀረ። ትልቋ እህት እጇን ዘረጋች።

ስንዱ ቀድማ አነሳችው። ሥጋውን በአንድ ጊዜ ከአጥንቱ አላቀቀችና ሳትጠይቀው ጥጋቡን አጎረሰችው። አፉ ሞልቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስ አለው።

"ዝም ብለህ አላምጥ" አለችው አጥንቱን ለራሷ እየጋጠች። "ለዳግም ትንሣኤ ስታጥን ግን ውሻው ሳይመጣ በፊት ጀምር።"

ተረቴ አለቀ፤ እኔም እጄን ልታጠብ።