ዝንጀሮ በጆንያ ተራራ የወጣች ዕለት

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኛ፤ ዝም ካላችሁ አልጀምርም።

አህያና ዝንጀሮ በጋ ሲገባ እሳት የሚተፋውን ተራራ ሊወጡ ተቃጠሩ። አህያ ጫፉን ሳያይ መሞት አይፈልግም። ጆንያውን ገብስና ድርቆሽ ሞልቶ ጠዋት ጠዋት ኮረብታ እየወጣ ይለማመዳል። ልፋት የማትወደው ዝንጀሮ ደግሞ ሳያያት ጆንያው ውስጥ ድንጋይ ትጨምርና ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«እሜት ዝንጀሮ፣ ጉልበቴ ከዳኝ መሰለኝ፤ ብቀርስ?» አላት እያለከለከ።

«አይዞህ አያ አህያ፣ በልምምድ ይለቅሃል!»

የመውጫው ቀን ዝንጀሮ በእግሯ መሄድ አስጠላት። ድንጋዩን ሁሉ አውጥታ ጣለችና ራሷ ጆንያው ውስጥ ተሸጎጠች።

አህያ «ይቺ ቀድማኝ ሄዳለች» ብሎ ጆንያውን ቢሸከም ቅልል አለው።

«ለካ ልምምድ እንዲህ ነው!» ብሎ ሽቅብ ጋለበ። ጫፉ ላይ ሲደርስ በደስታ ጆንያውን የጋለ ድንጋይ ላይ ዘጭ አደረገው።

«ወይኔ መቀመጫዬ!»

ዝንጀሮ ያን ተራራ በገዛ እግሯ ሮጣ ወረደች፤ አህያ እንኳ አልደረሰባትም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዝንጀሮን ካገኛችኋት ግን «ከኋላሽ ምን ነካሽ?» እንዳትሏት።