ሚዳቋዋ እና የተዋጠው ድንጋይ

በአንበሳ ግዛት ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ሣር የሚግጡ ዜጎች ነበሩ፤ ዜጎችን የሚበሉ ሹማምንትም ነበሩ። ወንዝ የወሰደው ሬሳ ለግምጃ ቤት ገቢ ይሆናል፤ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጅብ ነው። «አየሁ» ማለት የሚፈቀደው ለንጉሡ ብቻ ነበር። ሌላው «ሰማሁ» ይላል፤ ከማን እንደሰማም ይጠየቃል።

እኔ የተማርኩ ሚዳቋ ነኝ። ለግልገሎች የቃላት ፍቺ አስተምር ነበር። «ማየት ማለት ንጉሡ ያዩትን መስማት ነው» እላቸዋለሁ፤ ተቀብለው ይደግሙታል። ለማንም ያልነገርኩት አንድ አመል ግን ነበረኝ። ማለዳ ማለዳ ተደብቄ ወንዝ እወርድና እመለከታለሁ። ጨዋ ልጅ የምታደርገው ነገር ስላልሆነ ከእናቴ እንኳ ደብቄ ኖሬአለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኮረብታው ላይ ጉባኤ ተጠራ።

«መሻገሪያውን አይተነዋል» አሉ አንበሳ። «ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ነገ ማዶ ወዳለው ሣር ትሻገራላችሁ። ግልገሎች ይቅደሙ።»

የእህቴ ልጅ እንደሚቀድም ሲሰማ ደስ ብሎት ጆሮውን አቆመ። አፌ ቀደመኝ።

«ጃንሆይ፣ መሻገሪያው ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ በውሃ ተውጧል። ግልገል ቀርቶ ጎሽም አይሻገረው።»

«ከማን ሰማሽ?» አለ ጅብ።

«ከማንም። አየሁ።»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

«ዓይንሽ ደግሞ መቼ ተሾመ፣ እመቤት?» ብሎ ጅብ ሳቀ። ሹም ስለሳቀ ጦጣዎቹም ሳቁ።

አንበሳ አልሳቁም። «አስተማሪ አይደለሽም? የቃሉን ፍቺ ለጉባኤው ንገሪ።»

ያስተማርኩትን ብደግም በሰላም ቤቴ እገባለሁ፤ የእህቴ ልጅ ወንዝ ይገባል።

«ማየት ማለት» አልኩ፤ «ሄዶ ማየት ነው። እኔ በየማለዳው ስሄድ ኖሬአለሁ።»

ሽማግሌው ጎሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንመንሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አይ አባባ። እኔን ካመኑ ያው ሰሙ እንጂ አላዩም። ወንዙ እዚሁ ኮረብታው ሥር ነው።»

ጎሹ እያቃሰተ ተነሳ።

«ሂዱ የሚል አዋጅ አልወጣም» አለ ጅብ።

«ውሃ ልጠጣ ነው» አለ ጎሽ።

«እኔንም ጠምቶኛል» አለች የሜዳ አህያ። ከዚያ ጥሙ ተዛመተ። ከርከሮው፣ ድኩላው፣ ጦጣዎቹ ሳይቀሩ ተነሱ። የእህቴ ልጅም እናቱን ተጠግቶ ወረደ።

አንበሳ ወደ ጅብ ዞሩ። «ምን ይታይሃል?»

«ጃንሆይ ያዩትን» አለ ጅብ።

ጃንሆይ የሚያዩት ጀርባ ብቻ ነበር። እኔ ግን ድንጋዩን አይቼዋለሁና ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

የመጨረሻው ጀርባ ከኮረብታው በታች ሲሰወር፣ አንበሳ ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱና እኔን አዩኝ።