ቀጭን ድምፅ የተመኘው ወፍራም ክር

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ትግባ» በሉኛ!

«ትግባ!»

እንዲያ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም እዚያ ጥግ ያለኸው፣ እንቅልፍህን ለቤትህ አቆየውና ስማኝ። የዛሬዋ ተረት ስለ ክራር ናት። ክራር ሲመታ ሰምታችሁ «ይሄኛው ክር ለምን ይጎረንናል፣ ያኛው ለምን ይሰልላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እኔ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ድሮ ነው። ዕቃ ከዕቃ ጋር ይነጋገር በነበረበት፣ አይጥም ሰው ቤት እንደ ጎረቤት ትገባ በነበረበት ዘመን፣ ወሎ ውስጥ ይመር የሚባል ክራር መቺ ነበር። የይመር ክራር ቀን ቀን ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ከታች ሆዱ ባዶ የሆነ የእንጨት ገበቴ አለው፤ በገበቴው አፍ ላይ ቆዳ ተወጥሯል፤ ቆዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከላይ ደግሞ ቀንበር አለው። ክሮቹ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥመው ይታሰራሉ፤ ጨርቁ ወዲህ ሲዞር ክሩ ይጠብቃል፣ ወዲያ ሲዞር ይላላል። ታች ቆዳው ላይ በርኩማ የሚሏት ትንሽ እንጨት አለች፤ ክሮቹ ሁሉ እሷን ረግጠው ነው የሚያልፉት።

ክሮቹ ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው። ከሁሉም ወፍራሙ ጎርናናው ይባላል፤ ከሁሉም ቀጭኗ ሰላሊት ትባላለች። ሌሎቹ በሁለቱ መሐል ናቸው፤ ስማቸው ቢቀርባችሁ ምንም አትጎዱም።

ጎርናናው ሆድ ብሶት ነበር። ለምን አትሉኝም?

«ለምን?»

ይመር በተጫወተ ቁጥር ሰው የሚያደንቀው ሰላሊትን ነዋ! «ወይ ያቺ ቀጭኗ! አንጀት ትበላለች እኮ!» ይላሉ። ጎርናናው ሲመታ «ድዉውም» ይላል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ሰው እንኳ «ወይ ያ ወፍራሙ!» ብሎለት አያውቅም። ብቻ አባባ እርገጤ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ይመር ክራሩን ባነሣ ቁጥር መጥተው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ መዳፋቸውን ገበቴው ላይ ያሳርፋሉ፤ ምንም ሳይናገሩ ቆይተው ይሄዳሉ። ጎርናናው «እሳቸውም ደክሟቸው እጃቸውን ማሳረፊያ ፈልገው ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ ጎርናናው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ይሄን ጊዜ እመት አይጥ ከጣራው ሣር ውስጥ ብቅ አለች። እመት አይጥ ከእህል ይልቅ አንጀት ነው የምትወደው። ጎርናናውን ካየችው ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች፤ ግን ክራሩ ላይ ወጥታ ብትቀረጥፈው ክሩ ይጮኻል፣ ይመርም በዱላ ይመጣባታል። ስለዚህ በአፏ መጣች።

«ጎርናናው ወንድሜ፣ ምነው እንዲህ ትተክዛለህ?»

«ተይኝ እመት አይጥ። ድምፄ ለራሴም አስጠልቶኛል።»

አይጥ ምራቋን ዋጥ አደረገች። «ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን አሳዘንከኝ። ይመር ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከየውብዳር ሠርግ በኋላ ያንን ወፍራም አውጥቼ እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ፣ በሱ ቦታ ሌላ ቀጭን አስራለሁ አለ።»

ውሸቷን ነው! ይመር እንዲህ ብሎ አያውቅም። የውብዳር የአባባ እርገጤ የልጅ ልጅ ናት፤ ሠርጓ ደርሷል፤ እውነቱ እሱ ብቻ ነው። ጎርናናው ግን ድሮም ሆድ ብሶት ነበርና አመናት።

«እሳት? እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አለ።

«ምን ይሻላል ትላለህ እንዴ! ሰላሊት ድምፅዋ የቀጠነው ለምን ይመስልሃል? ስለተወጠረች ነው። አንተም ተወጠር!»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አይጥ ግማሹን እውነት ነው የተናገረችው። ክር ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ግን ሰላሊት ቀጭን ድምፅ ያላት ስለተወጠረች ብቻ አይደለም፤ ራሷም ቀጭን ስለሆነች ነው። ቀጭን ክር ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ወፍራም ክር ደግሞ ቀስ ብሎ። አይጥ ይህን ግማሹን ዋጥ አድርጋ አስቀረችው።

ጎርናናው ቀንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ጠራ።

«አንተ ጨርቅ፣ እስቲ አንዴ ዙርልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደሚያጠብቀው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዙር ካሉኝ እዞራለሁ» አለ ጨርቁ። ዞረ። ጎርናናው ጠበቅ አለ፤ «ድዉውም» ይል የነበረው ድምፁ «ድም» አለ። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ወንድሜ» አለች ሰላሊት፣ «ምን ሆንክ? ድምፅህን አጣሁት እኮ።»

«ቀናሽ?» አላት።

ከሰዓት ይመር ገባና ክራሩን አነሣ። አባባ እርገጤም እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን ገበቴው ላይ አሳረፉ። ይመር መጫወት ጀመረ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁና ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ይመር፣ ዛሬ ለምን አትመታም?»

«እየመታሁ እኮ ነው አባባ!» አለ ይመር ጮክ ብሎ።

«እንዲያ ነው?» አሉ። መዳፋቸውን አንሥተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት፤ ከዚያ ተነሥተው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ይመርም «ይሄ ክር ደግሞ ምን ነካው?» ብሎ ሊቃኘው ሲል ጎረቤቶቹ ለሠርጉ ዳስ እንጨት እንዲያቀብል ጠሩት። «ኋላ እቃኘዋለሁ» ብሎ ክራሩን ሰቅሎ ሄደ። ጎርናናው ሽማግሌው ምን እንደሆኑ አልገባውም፤ ሊገባውም አልፈለገም።

በማግስቱ አይጥ መጣች።

«ደህና ነህ፣ ደህና ነህ! ግን ገና ነህ። አንዴ ጨምርበት።»

«አንተ ጨርቅ፣ ዙርልኝ።»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለ ጨርቁ፤ ዞረ።

አሁን ነገር መጣ! ቀንበሩ ወደ ጎርናናው በኩል ጎበጠ። «ኧረ ወገቤን! ኧረ ሰው የለም ወይ!» እያለ ጮኸ። ቀንበሩ ሲጎብጥ ሌሎቹ ክሮች ላሉ። ሰላሊት ራሷ እንደ ረገበ የልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠለጠለች።

«ኧረ ጎርናናው፣ ሁላችንንም አጠፋኸን!»

ጎርናናው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ግን አሞታል፣ አልደብቃችሁም። ከገላው አንዲት ስስ የአንጀት ዘለላ ብጥስ ስትል ተሰምቶታል። ሰላሊትን «አድኚኝ» ሊላት አማረው፤ ደግሞ እሳቱ ትዝ ሲለው አፉን ዘጋ።

የሠርጉ ዕለት አይጥ በጠዋት ከች አለች።

«በል ወንድሜ! አንዲት ዙር ብትጨምር ሰላሊትን አለፍካት!»

ይህን ስትል የይመር ኮቴ ተሰማ። መሸሻ አጣች። ሮጣ በቆዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ገበቴው ሆድ ዘው አለች፤ ከዚያ ሆና «ዳሱ ውስጥ እንደደረስክ ጨርቁን ዙር በለው፤ እንዳትረሳ!» አለችው። ይመር ክራሩን አውርዶ በጋቢው ሸፈነው፤ አይጥንም ሳያውቅ ተሸክሟት ሄደ።

ዳሱ ሞልቷል። የውብዳር ዐይኗን ሰብራ ከሙሽራው ጎን ተቀምጣለች። አባባ እርገጤ ነጭ ለብሰው የይመርን ቦታ ጠብቀውለታል። ይመር ከጎናቸው ተቀምጦ ክራሩን ጭኑ ላይ አደረገና ወዲያና ወዲህ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር። ሽማግሌው መዳፋቸውን ገበቴው ላይ አሳረፉ።

ጎርናናው ጊዜው ደረሰ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንተ ጨርቅ…» አለ።

ገበቴው ውስጥ ያለችው አይጥ ይህን ስትሰማ ደስታዋን መቻል አቃታት። ጨለማ ነው፣ ብቻዋን ናት፤ ማን ይሰማኛል ብላ በሹክሹክታ ታወራ ጀመር። አይ አለማወቅ! የገበቴ ሥራው ምንድን ነው? ትንሿን ድምፅ ተቀብሎ ማጉላት አይደል? ክሩ ሲርገበገብ በርኩማዋ ታስተላልፋለች፣ ቆዳው ይቀበላል፣ የገበቴው ባዶ ሆድ ያጎላዋል። ያለ ገበቴው ክር ብቻውን እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። እንግዲህ የክሩ ድምፅ በወረደበት መንገድ የአይጧም ሹክሹክታ ወጣ። ገበቴው አጎላው፣ ቆዳው ተቀበለው፣ በርኩማዋ እስከ ጎርናናው ድረስ አደረሰችው።

«አሁን ይዞራል፤ አሁን ብጥስ ይላል፤ ይመር አውጥቶ ይጥለዋል፤ እኔ ደግሞ አንሥቼ እበላዋለሁ! እንዴት ያለ ወፍራም አንጀት ነው እናንተዬ! እሳት ስለው ጊዜ እንዴት አመነኝ!»

ጎርናናው ክው አለ።

«ልዙር?» አለ ጨርቁ።

«አይ! አይ! መልሰኝ! ወደ ኋላ!»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለ ጨርቁ። ወደ ኋላ ዞረ፤ አሁንም ወደ ኋላ ዞረ። ቀንበሩ «እፎይ» ብሎ ተቃና። የላሉት ክሮች ተሰበሰቡ።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አለ ጎርናናው።

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል፣ ብቻ እንኳን ተመለስክልን» አለች ሰላሊት።

ይመርም ጨርቆቹን አንድ በአንድ እየነካ ክራሩን ቃኘ። ከዚያ ጎርናናውን ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

ድዉውውም!

ገበቴው ውስጥ ላለች አይጥ ይህ ምን እንደሆነ ገምቱት እንግዲህ። ሰማይ የተደረመሰ መሰላት። በቀዳዳው ተስፈንጥራ ወጣች፤ በይመር ጉልበት፣ በሚዜዎቹ እግር መሐል፣ «ኡኡ!» በሚሉ ሴቶች ቀሚስ ሥር አድርጋ ወደ ደጅ በረረች። ደጅ ላይ የሠርጉ ቤት ድመት ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ድመቷን ጠይቋት፤ እኔ አላየሁም።

ሳቁ በረድ ሲል ይመር መጫወት ጀመረ። ሰላሊት ወደ ላይ ወጣች፤ ሰውም እንደ ልማዱ «ወይ ያቺ ቀጭኗ!» አለ። ጎርናናው ዛሬ አልከፋውም፤ በሕይወት መኖሩ በቃው። በቀስታ «ድዉውም» ይላል፣ ይቆያል፣ ደግሞ «ድዉውም» ይላል።

ድንገት አባባ እርገጤ ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ጆሮው የደከመ ሰው ድምፁን መመጠን አይችልም።

«ይመር! ይሄን ክር አደራህን እንዳትለውጥብኝ!»

ይመር መጫወቱን አቆመ።

«የቱን አባባ?»

«ወፍራሙን! ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ የቀጭኗን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እናንተ ስታጨበጭቡ እኔ አፋችሁን ነው የማየው። ይሄኛው ግን በመዳፌ ገብቶ እዚህ ድረስ ይመጣልኛል» ብለው ደረታቸውን ነኩ። «ያን ዕለት ቤትህ መጥቼ ባጣው ጊዜ፣ እንግዲህ ጨርሼ ደነቆርኩ፣ የልጅ ልጄን የሠርግ ዘፈን ሳልሰማ ልቀር ነው ብዬ ሳለቅስ አደርኩ።» ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። የውብዳር ከሙሽራው ጎን ተነሥታ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ኧረ አባባ!» አለ ይመር ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። «እሱንማ ምን ሲደረግ! እሱን ካወጣሁ ሌሎቹን ከምን አንሥቼ ልቃኛቸው?»

ጎርናናው ይህን ሰማ። ክር ባይሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር። ክር ሆነና፣ ይመር እንደገና ሲነካው ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ «ድዉውም» አለ፤ ከሽማግሌው መዳፍ በታች ገበቴው ተንቀጠቀጠ፣ እሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ከዘፈኑ ጋር ነቀነቁ።

ልጆቼ፣ የተረቴ ፍሬ ይቺ ናት። የሌላውን ድምፅ ላምጣ ብለህ ራስህን አትወጥር፤ በአንተ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው አለና፣ አንተ የጠፋህ ዕለት እሱም ይደነቁራል።

ተረቴ ወጣች፤ «በደህና ግቢ» በሏት።

«በደህና ግቢ!»