ሳይሸፈን የቀረው ጎጆ

አንድ ጊዜ ውኃው እየሸሸ በሚሄድ ሐይቅ ላይ ክንፌና አጭሬ የሚባሉ ሁለት ጠላቂ ወፎች ይኖሩ ነበር። የእህትማማች ልጆች ናቸው። ክንፌ ትበራለች። አጭሬ ክንፏ እጥር ያለ ስለሆነ መብረር አይሆንላትም፤ በመጥለቅ ግን የሚደርስባት የለም። ፊላ ከሚባለው የውኃ ሣር የሠሯቸው ጎጆዎቻቸው ውኃው ላይ ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ። ሥራቸውንም ተከፋፍለዋል፤ ክንፌ ከላይ ሆና ጠላት ስታይ ትጮኻለች፤ አጭሬ ከሥር እርጥብ ሣር እያወጣች የሁለቱንም እንቁላል ትሸፍናለች።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ጭቃው ወደ ጎጆው በተጠጋ ቁጥር አጭሬ ልቧ ይርዳል። ውኃው ካለቀ እሷ የት ትገባለች?

አያ ጅቦ ሽታ ስቦት መጣ። እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ እየተንፏቀቀ ተመለሰና ጎጆዎቹ ላይ ያለው ሣር ብቻ እንደሆነ ለቀበሮ ነገራት። ቀበሮ ግን ሣሩን ማን እንደሚያለብስ ስትሰልል ዋለች። በማግስቱ ዳር ላይ ቁጭ ብላ፣ ማር በተቀባ ምላሷ፦

«እኔ የምለው፣ ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል? የምትበረው ናት ወይስ የምትጠልቀው?» አለች።

ክንፌ ቀደመች። «ይኼ ምን ያጠያይቃል? ሐይቁ ቢደርቅ እኔ ሌላ ሐይቅ አላጣም። እሷ እዚሁ ደርቃ መቅረቷ ነው።»

ሌት ተቀን የምትፈራው ነገር ከዘመዷ አፍ ሲወጣ አጭሬ አንጀቷ ተቃጠለ።

«እንግዲያው እንቁላልሽን በክንፍሽ ሸፍኚ» አለቻት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ሲነጋ አጭሬ የራሷን እንቁላል ብቻ ሸፍና ጠለቀች። ክንፌም በኩርፊያ እንደተነፋች በረረች። ነጫጭ እንቁላሎቿ ፀሐይ ላይ አበሩ። ቀበሮ ይህንን ስትጠብቅ ነበርና በቀላል እግሯ ጭቃውን ተሻግራ ወደ ጎጆዎቹ ዋኘች። ክንፌ ከላይ አየቻት፤ ወደ አጭሬ ጎጆ የምትሄድ መስሏት አፏን ዘጋች።

አጭሬ ከውኃው ብቅ ስትል ቀበሮ የክንፌን እንቁላል ጨርሳ፣ የአጭሬን እንቁላል የሸፈነውን ሣር በአፍንጫዋ እየገለጠች ነበር። ዓይኗ እያየ ልጆቿ ሳይፈለፈሉ አለቁ።

ክንፌ እያለቀሰች ወደ ሌላ ሐይቅ ሄደች። አጭሬ አንገቷን ቀና አድርጋ እስክትሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። አሁን ጭቃው ባዶው ጎጆ ሥር ደርሷል። ከላይ የሚጮኽላት የለም። አያ ጅቦም ጭቃው እስኪደርቅ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠላት «ማን ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሁሉ የቤቱን በር ከፍቶ እንደሚያስገባው ነው።