በሕግ አምላክ ያለችው አህያ

አባቴ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ማለት ያዘወትር ነበር። የዚህች አህያ ነገርም እንደዚያው ነው።

አንድ ጊዜ አንበሳ በወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበረው። እህል የምታመላልስለት አንዲት አህያ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጭነት አልጣለችም። በግቢው የሚያድር እንስሳ ሁሉ በአንበሳ ጥላ ሥር ስለሆነ ማንም አይነካውም። ከግቢው የተባረረ ግን የጅብ እራት ነው። በር ጠባቂውም ያው ጅብ ነው።

በዚያ ዓመት ከቆላ የሳል በሽታ መጣና ሁለት በቅሎ ገደለ። አንበሳም፣ «የሚሠራ ሁሉ ይከተብ። የተከተበም የጆሮው ጫፍ በምላጭ ይበጣ፤ ምልክት ይሁነው። እስከ ቅዳሜ ያልተከተበ ይውጣ» ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ ክፉ አልነበረም። በሬው ተከተበ፣ ፈረሱ ተከተበ፣ ሳሉም እየቀነሰ ሄደ።

የአህያ ነገር ግን ሌላ ነው። ውርንጭላ ሳለች ይኸው መርፌ ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ ሦስት ቀን ከሞት ጋር ስትታገል ሰንብታለች። ያኔ ያዳናት ሐኪሙ ጉሬዛ፣ ይህ መድኃኒት ሁለተኛ ሰውነቷ እንዳይገባ አስጠንቅቋታል። ይህንኑ ሄዳ ለጅብ ነገረችው። ጅብ ታፋዋን እያየ ምራቁን ዋጠና፣ «ጆሮሽን አሳዪ። የተበጣ ጆሮ ከሌለሽ ቅዳሜ እንገናኝ» አላት።

ተክዛ ስትመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እሜት አህያ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትተክዢው? እኔ በጥርሴ ጫፉን ቆንጠር ካደረግሁት ከእውነተኛው አይለይም። ትናንት ለአንድ ባለሥልጣን ሠርቼለታለሁ። ዋጋዬም የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ላላ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ውሸት በጆሮዬ አንጠልጥዬ ነገ ፈጣሪዬን በምን አፌ ልለምነው?»

«እንግዲያው ስደቢያቸውና ጥለሽ ውጪ። ክብርሽ ነው።»

«በገዛ እግሬ ከወጣሁ ራሷ ሄደች ይሉኛል» አለች አህያ። «አልዋሽም፣ አልወጣምም።»

ዓርብ ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ ወደ ጉሬዛ ሄደች፤ ያየውን እንዲመሰክርላትም ቃል አስገባችው።

ቅዳሜ ጅብ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጥርሱን እያፋጨ እንድትወጣ አዘዛት። አህያም አራት እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ «በሕግ አምላክ! ሳይፈረድብኝ እንዳትነካኝ» አለች።

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ዳኛ እስኪሰማው ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። ዳኛውም ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ቀድሞ ያለፈ መንገደኛ ነው። ጅብ ለመዝለል አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ያን ቀን መጀመሪያ ያለፈው ኤሊ ነበር፤ ኤሊ ከጉብታው ወርዶ እስኪደርስ ጅብ በሦስት እግሩ እንደቆመ ቀትር ሆነ።

አንበሳም ተጠርቶ መጣ። «ሁለት በቅሎ ቀብሬያለሁ። ዛሬ አንዷን ብተው ነገ ሁሉም አልከተብም ይላል» አለ። ይህን ጊዜ ፍየል ከኋላ ብቅ ብላ እሷም መርፌ እንደማትወድ ተናገረች። ኤሊ ምስክር እንዳላት ጠየቃት፤ የላትም።

«መፍራት ያለ ነው፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሂጂ ተከተቢ» አላት።

አህያ ግን ጉሬዛን አቆመች። ጉሬዛም ያየውን አንድ ሳያጎድል መሰከረ። እሷም ቀጥላ፣ «ዳኛዬ፣ ከሥራ አሳርፉኝ አላልኩም። በሽታው እስኪያልፍ ከጓደኞቼ ተለይቼ ከተራራው የወፍጮ ድንጋይ ላምጣ። እኔም አልሙት፣ ሌላውንም አላስይዝ» አለች።

ኤሊ ወደ አንበሳ ዞረ። «ትእዛዙን ማውጣትህ ልክ ነው። ግን ምክንያቷን ጠይቀሃታል?»

አንበሳ ጅብን አየው። «ነግራህ ነበር?»

«ነግራኛለች ጌታዬ» አለ ጅብ። «ግን ታፋዋን ሳይ ጆሮዬ አይሰማም።»

የጆሮ ነገር ሲነሣ ጉሬዛ ጠጋ ብሎ የጅብን ጆሮ አገላብጦ አየ። ብጣቱ የምላጭ አይደለም፤ የቀበሮ ጥርስ ነው። ለካ ያ ባለሥልጣን መርፌ የፈራው በር ጠባቂ ራሱ ኖሯል። ከዳር ሆኖ ሲሰማ የነበረው ቀበሮም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶት ቁጥቋጦ ውስጥ ጠፋ። ጅብም እዚያው መርፌውን ተወግቶ ከበር ጠባቂነቱ ተሻረ።

ኤሊም ፈረደ። ትእዛዙ ይጽና፤ አህያ ግን በሽታው እስኪያልፍ በተራራው ለብቻዋ ትሥራ፣ የግቢው ጥበቃም አይቅርባት አለ። ድንጋይ ከእህል ይከብዳል፤ ብቻ መዋልም ይከብዳል። አህያ ግን ተመስገን ብላ ጀርባዋን ለጭነቱ ሰጠች፣ ዳገቱንም ተያያዘችው።

ከዚህ የምንማረው እኔ ራሴ በሥራዬ ጉዳይ አቤት ልል ደጅ ስጠና አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሰው የነገረኝን ነው፦ «ወንድሜ፣ ሥራህን ጥለህ አትሂድ፣ አትዋሽ፤ ምክንያትህን በወረቀት አስፍር፣ የሐኪም ማስረጃህን ያዝ፣ ቀኑ ሳያልፍብህ አቤት በል፤ ከዚያ ወዲያ ብትረታም በፍርድ ተረታህ።»